ፍራሽ በመዳፍ አይመረጥም

መገናኛ ላይ ፍራሽ ሲመረጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአደባባዩ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ቦሌ በሚያወርደውም፣ በሾላ ገበያ ዙሪያም የቤት ዕቃ መሸጫ ሞልቷል። ፍራሾቹ ላስቲካቸው ሳይወልቅ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ገዢ ይመጣል፣ መዳፉን ዘርግቶ ይጫናል፣ ቀጥሎ በጡጫው መታ መታ ያደርገዋል፤ እጁ ወደ ውስጥ ካልሰመጠ ፊቱ ይፈታል። ሻጩም ይህችን ሰዓት ያውቃታል፤ «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ለወገብ ነው፣ ኦርቶፔዲክ ነው» ይላል። ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ፍራሹ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ወደ ኮተቤ፣ ወደ አያት ወይም ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል። አንድ ቤተሰብ ለስምንትና ለአሥር ዓመት የሚተኛበት ዕቃ ተመርጦ ያለቀው በዚያች አንዲት መጫን ነው።

መዳፍ ግን የጀርባን ሥራ አይሠራም። በእጅ ሲጫኑት የሚሰማው የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሲተኛበት ደግሞ ትከሻ፣ ወገብና ዳሌ እያንዳንዳቸው በየክብደታቸው ሌሊቱን ሙሉ ይጫኑታል። ያም ሆኖ በመገናኛም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ገበያ ፍራሽ የሚሸጠውም የሚገዛውም «ጠንካራው ለጤና ነው» በሚል እምነት ነው። ይህ እምነት ከየት መጣ? ምን ያህልስ እውነት አለው?

የመጣበት መንገድ አይጠፋም። ከእንጦጦ ግርጌ ያሉ መንደሮችን ጨምሮ በደጋው አገር ብዙ ሰው ለዘመናት የተኛው በጭቃ መደብ ላይ ነው፤ ከላይ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፋል፣ ጋቢ ይደረባል። አቅም ያለው የጠፍር አልጋ ነበረው። ጠፍር ሲውል ሲያድር ይረግባል፣ መሐሉ ይወርዳል፣ የተኛበት ሰው ወገቡ ታጥፎ ያድራል። ከዚያ በገለባ የተሞላው ፍራሽ፣ ቀጥሎም የጥጥ ፍራሽ መጣ። ጥጥ ሲከርም ይቋጠራል፤ እዚህ ጉብታ እዚያ ጉድጓድ ይሆናል። በዚህ የተነሳ ነው ፍራሽ አዳሽ በየሰፈሩ እየተጣራ ይዞር የነበረው። ግቢ ውስጥ ገብቶ ልብሱን ይተረትራል፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ ያወጣል፣ በዱላ እየመታ ያፍታታዋል፣ መልሶ ሞልቶ በረጅም መርፌ ይሰፋዋል። ዛሬም በአዲስ አበባ አንዳንድ መንደሮች ይህ ድምፅ ይሰማል፤ ስፖንጁ ግን አብዛኛውን ሥራውን ወስዶበታል።

ስፖንጅ በርካሽ በገባበት ጊዜ የቀረው ትዝታም ጥሩ አይደለም። ቀጭኑና ቀላሉ ስፖንጅ በጥቂት ወራት ይጎደጉዳል፤ ባልና ሚስት ወደ መሐል ይንከባለላሉ፤ ጠዋት ሲነሱ «ወገቤን» ማለት ይጀምራሉ። በረገበ ጠፍርና በሰጠመ ስፖንጅ ወገቡን የተቀጣ ሰው ጠንካራውን ቢወድ አይፈረድበትም። የሐኪም ምክርም አግዞታል። ወገቡን የታመመ ሰው «ጣውላ ላይ ተኛ»፣ «መሬት ላይ አንጥፍ» ሲባል መስማት በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። ይህ ምክር የአገር ውስጥ ሐኪሞች ብቻ አልነበረም። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አትላንታ በአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ በተደረገ መጠይቅ 95 ከመቶዎቹ ፍራሽ ለወገብ ሕመም ሕክምና ድርሻ አለው ሲሉ፣ 76 ከመቶዎቹ ጠንካራ ፍራሽ እንደሚያዝዙ ተናግረዋል። በጥናት ተፈትኖ የጸና ማስረጃ ግን በዚያን ጊዜ በእጃቸው አልነበረም።

ማስረጃው የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ከስፔን ነው። ፍራንሲስኮ ኮቫክስና ባልደረቦቹ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 አዋቂዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ ጠንካራ፣ ለግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ በየቤታቸው ገባላቸው፤ የትኛው እንደደረሳቸው ታማሚዎቹም የሚመዝኗቸው ባለሙያዎችም አያውቁም ነበር። ከ90 ቀን በኋላ ውጤቱ ሲታይ መካከለኛው ፍራሽ የደረሳቸው ሰዎች አልጋ ላይ ሳሉ በሚሰማቸው ሕመም፣ ከአልጋ ሲነሱ በሚሰማቸው ሕመምና በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው የመሻሻል ዕድላቸው ከሌሎቹ በሁለት እጥፍ ገደማ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በላንሴት የሕክምና መጽሔት በ2003 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰውም እሱ ነው።

በዚህ ጥናት «መካከለኛ» ማለት ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት የአውሮፓ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ሲሆን 1 እጅግ ጠንካራው፣ 10 እጅግ ለስላሳው ነው። ጠንካራ የተባለው ፍራሽ 2.3፣ መካከለኛው 5.6 ነበር። በአሜሪካ ገበያ ደግሞ ቁጥሩ ተገልብጦ 10 ጠንካራው ይሆናል። ዘመድ ከውጭ ፍራሽ ሲልክ ወይም ተጠቅልሎ በካርቶን የመጣ ፍራሽ ሲገዛ በላዩ ያለውን ቁጥር ከማመን በፊት የትኛው መለኪያ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል።

ሌሎች ጥናቶችም አሉ። በዴንማርክ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 160 የወገብ ታማሚዎችን በውሃ ፍራሽ፣ ሰውነትን ተከትሎ በሚታጠፍ ስፖንጅና በጠንካራ ፍራሽ ላይ ለአንድ ወር አስተኝቶ አነጻጽሯል። ጠንካራው ከሁለቱ አልተሻለም፤ በሦስቱ መካከል የታየው ልዩነት ግን ትንሽ ነበር። በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 59 ጤነኛ ሰዎች በአማካይ 9.5 ዓመት ያገለገለ አልጋቸውን ለ28 ቀን በአዲስ ሲቀይሩ የእንቅልፋቸው ጥራትና የጀርባቸው ምቾት መሻሻሉ ተመዝግቧል። ከነዚህ ሁሉ አንድ ፍርድ መስጠት ይቻላል፦ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ፍለጋውን ከመካከለኛው ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጣውላ የሚያህል ፍራሽ ያድናል የሚለው አስተሳሰብ ግን ድጋፍ አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው፤ ስለዚህ ይህ የጥቂት ሰዎች የምቾት ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስና ገዢውን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተውን ነገር እንይ። ሻጭ «ይሄ 25 ዴንሲቲ ነው፣ ያኛው 30 ነው» ሲል ገዢ ቁጥሩን የጥንካሬ ደረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ዴንሲቲ ግን አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥሩ ከፍ ሲል በስፖንጁ ውስጥ ያለው ቁስ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ ስለዚህ ቶሎ አይሰጥምም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጥንካሬ በሌላ መንገድ ይለካል፦ ክብ ሰሌዳ ስፖንጁ ላይ ተጭኖ ውፍረቱን በተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በ25 ወይም በ40 በመቶ፣ ዝቅ ለማድረግ ስንት ኃይል እንደጠየቀ ይመዘገባል። ፋብሪካ ኬሚካሉን በመለዋወጥ 30 ዴንሲቲ የሆነ ለስላሳ፣ 20 ዴንሲቲ የሆነ ደረቅ ስፖንጅ ማውጣት ይችላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀላልና ደረቅ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ በጡጫ ሲመታ ጎበዝ ይመስላል፤ የሰው ክብደት ሲመላለስበት ግን ይሰበራል፣ ከዳሌ በታች ጉድጓድ ይሠራል። የጡጫ ፈተና የሚያሳልፈው ማለፍ የማይገባውን ፍራሽ ነው።

የተባለውን ቁጥር ማጣራት ደግሞ ከባድ አይደለም። በገበያው «ሜትር ከሃያ» የሚባለው ፍራሽ ርዝመቱ 1.90 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ስፖንጁ በእርግጥ 20 ዴንሲቲ ከሆነ 9 ኪሎ ገደማ፣ 25 ከሆነ 11.4፣ 30 ከሆነ 13.7 ኪሎ ይመዝናል። ለልብሱ ትንሽ ይጨመርበታል። ስለዚህ «30 ነው» የተባለ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ሚዛን ላይ ወጥቶ 10 ኪሎ ካሳየ ቁጥሩ እውነት አይደለም። ይህ ስሌት የሚሠራው ሙሉ ለሙሉ ከስፖንጅ ለተሠራ ፍራሽ ነው፤ ስፕሪንግ ያለበትን ብረቱ ያከብደዋል። የሰውን ክብደት የሚለካ ተራ ሚዛን ይበቃል፦ ሰውየው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ፍራሹን ተሸክሞ ይመዘናል፤ ልዩነቱ የፍራሹ ነው።

ስለ ስፖንጅ ሲነሳ የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱ የሚናገረው አለ። የዛሬው ስፖንጅ መነሻ በ1937 እ.ኤ.አ. በጀርመን በኦቶ ባየር የተፈለሰፈው ፖሊዩሬታን ነው። ሁለት ዋና ፈሳሽ ኬሚካሎች ከውሃ ጋር ሲቀላቀሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጋዙ ድብልቁን እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ያደርገዋል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ትልቅ ግንድ ይሆናል። ግንዱ ከበረደና ከደረቀ በኋላ ነው በሚፈለገው ውፍረት የሚቆራረጠው። ጋዙ ምን ያህል እንደሚነፋው የሚወስነው አንዱ ነገር የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚሠራበት ቅመም እንዳለ እዚህ ቢደገም ስፖንጁ አብዝቶ ያብጣል፣ ቀልሎም ይወጣል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን አስቦ ቅመሙን ያስተካክላል። ገዢ ግን ፋብሪካው ማስተካከሉን የሚያይበት መንገድ ክብደቱ ነው፤ ሚዛኑ ዳግመኛ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የጥንካሬው ልክ ከሰው ሰው ይለያያል። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴትና 90 ኪሎ የሚመዝን ባለቤቷ አንድ ፍራሽ ላይ ሲተኙ የሚሰማቸው አንድ አይደለም፤ ለእሷ ደረቅ የሆነው ለእሱ መካከለኛ ይሆናል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ትንሽ ሰመጥ እንዲሉለት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ትከሻው ይደነዝዛል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በሆዱ የሚተኛ ሰው ወገቡ ወደ ታች እንዳይወርድ ጠንከር ያለ ይሻለዋል። በጀርባው የሚተኛው በሁለቱ መካከል ነው። ውፍረትም ሥራ አለው፦ ከባድ ሰው ቀጭን ፍራሽ ላይ ሲተኛ ስፖንጁን አልፎ ርብራቡ ጎኑን ይወጋዋል። አዛውንቶች በተለይ መታሰብ አለባቸው። ሥጋቸው የሳሳ እናትና አባት «ለወገባቸው» ተብሎ ጣውላ የሚያህል ፍራሽ ይገዛላቸዋል፤ እነሱም ልጆቻቸው እንዳይከፋቸው «ጥሩ ነው» እያሉ ጎናቸውን ሳያሳርፉ ያነጋሉ።

የየካ ብርድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ ሲጫኑት ቀስ ብሎ የሚሰጥምና ቀስ ብሎ የሚመለስ ስፖንጅ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ቻርለስ ዮስት በናሳ ድጋፍ ለአውሮፕላን መቀመጫ የሠራው ነው። ባሕርዩ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከእንጦጦ ሥር ባለ ማሞቂያ በሌለው ቤት ይህ ፍራሽ መጀመሪያ ሲተኙበት ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ሰውነት ሲያሞቀው ነው የሚለሰልሰው። ከቀትር በኋላ በሞቀ ሱቅ የተፈተነው ልስላሴ ሌሊት ቤት ውስጥ አይገኝም። በሞቃት አገር፣ ለምሳሌ በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ ዳርቻ፣ ችግሩ ተገልብጦ የሙቀት መታፈን ይሆናል። ስፕሪንግ ፍራሽ አየር ስለሚያሳልፍ ለዚያ ይሻላል፤ ጥራት የሌለው ስፕሪንግ ግን ሲያረጅ ብረቱ ይንጫጫል፣ ይወጋልም።

ብዙ ጊዜ ፍራሹ የሚወቀሰው በአልጋው ጥፋት ነው። ርብራቡ የተራራቀ፣ አንዱ ጣውላ የተሰበረ ወይም ከሥሩ የተነጠፈው ቺፑድ የጎበጠ አልጋ አዲስ ፍራሽ ላይም ጉድጓድ ይሠራል። ፍራሽ ከመቀየሩ በፊት አውርዶ አልጋውን ማየት፣ የተራራቀውን ማጥበቅ ወይም ቀጥ ያለ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ፍራሹን መሬት ላይ አውርዶ ሁለት ሦስት ሌሊት ተኝቶ መሞከርም መልሱን ይሰጣል፦ እዚያ ከተሻለ ጥፋተኛው አልጋው ነው። ፍራሹ በጣም ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ከላይ መደረብ ያስተካክለዋል። የሰጠመን ፍራሽ ግን ምንም ድርብ አያነሳውም።

ስለ ጥንካሬ ከተነገረው ሁሉ ሁለት ወገኖች የተለዩ ናቸው። ሕፃናት በጀርባቸው ሆነው ጠንካራና ሜዳ በሆነ ፍራሽ ላይ መተኛት አለባቸው፤ ለስላሳ ፍራሽ፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ትንፋሻቸውን ሊዘጋ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህንኑ አጽንቷል። በሌላ ጫፍ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ታማሚ ደረቅ ፍራሽ ላይ ከቆየ ዳሌው፣ ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላል። እሱ የሚያስፈልገው ክብደቱን የሚያሰራጭለት ወፍራምና ለስለስ ያለ ስፖንጅ፣ ከዚያም በላይ በየጊዜው የሚያገላብጠው ሰው ነው።

«ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍስ? ይህ ቃል በፍራሽ ላይ ሲለጠፍ ሐኪም አይቶት ወይም አንድ የታወቀ የሕክምና መስፈርት አሟልቶ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ መስፈርት የለም። በብዙ አገሮች በዚህ ስም የሚሸጠው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ወይም ከተፈጨ ቁርጥራጭ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ቁርጥራጩ ከባድና እጅግ ደረቅ ስለሆነ ከሥር ሆኖ ለመደገፍ ይጠቅማል፤ ከላይ ብቻውን ሲተኙበት ግን ከመደብ ብዙም አይሻልም። ለስሙ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ሕመምን ከፍራሽ ለመለየት የሚረዳ ምልክት አለ። ጠዋት ሲነሱ የሚያም፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ የሚለቅ፣ ሌላ ቤት ባደሩ ጊዜ የሚጠፋ ሕመም ከመኝታ ጋር ይያያዛል። ቀኑን ሙሉ የማይለቅ፣ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ሽንትን መቆጣጠር የሚያሳጣ ከሆነ ግን የፍራሽ ጉዳይ አይደለም፤ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

በሱቅ ውስጥ ትክክለኛው ፈተና መተኛት ነው። ጫማ አውልቆ፣ ቤት በሚተኙበት አኳኋን፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ። በጀርባ ተኝቶ እጅን ከወገብ ሥር ማስገባት ነው፦ እጅ በሰፊው የሚመላለስ ከሆነ ፍራሹ ደረቅ ነው፤ ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ወገቡ ሰምጧል። በጎን ሲተኙ አብሮ የመጣ ሰው ከኋላ ሆኖ አከርካሪው ቀጥ ማለቱን ይመልከት። በመገናኛ ሱቆች ይህን የሚያደርግ ገዢ ጥቂት ነው። ሰው ያፍራል፣ ቦታውም ጠባብ ነው፣ «ከተኛሁበት ግዛ እባላለሁ» የሚል ስጋትም አለ። ሕጉ ግን ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ጥራቱን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ እንዲገዛ እንደማይገደድም ይደነግጋል።

ፋብሪካዎች በእያንዳንዱ ፍራሽ ልብስ ላይ አራት ነገር ቢያትሙ ብዙ ክርክር ይቀራል፦ የስፖንጁ ዴንሲቲ፣ የጥንካሬው መጠንና የተለካበት መንገድ፣ የተመረተበት ወርና ዓመት፣ የዋስትናው ዘመን። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ይህን ጉዳይ ሊይዘው ይገባል፤ ፍራሽ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሰው ወራት ቆጥቦ የሚገዛው ዕቃ ነውና። እስከዚያው ገዢ ሆይ፣ ሻጩን ዴንሲቲውን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ያስመዝኑት፣ ተኝተው ይሞክሩት፤ ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካጋጠመዎ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።